ከመፋቁ በፊት ይመርመር፦ የድሬዳዋ አሮጌ ቤቶችና በቀለማቸው ሥር ያለው ሥጋት

ድሬዳዋ ገጽታዋን እያደሰች ነው። የኮሪደር ልማት ሥራ በሚያልፍባቸው መንገዶች ዳር አሮጌ አጥሮች ይፈርሳሉ፤ የሕንፃዎች ፊት ይታደሳል፤ በርና መስኮት ተፍቆ እንደገና ይቀባል። በዓል ሲቃረብ ደግሞ የራሱን ቤት ለማሳመር ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት የሚያነሣው ነዋሪ ጥቂት አይደለም። ሥራው ለከተማዋ ውበት የሚበጅ መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም በዕድሜ የገፉ ቤቶችን በተመለከተ አስቀድሞ መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። በሚፋቀው ቀለም ውስጥ ሊድ አለ ወይስ የለም?

ሊድ በአማርኛ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ነው። መጻፊያው እርሳስ ስሙን ይጋራው እንጂ ከካርቦን የሚሠራ በመሆኑ ከዚህ ጉዳይ ጋር አይገናኝም። ቀለም አምራቾች ለረጅም ዘመን ሊድን የተጠቀሙት ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ፣ ብረትን ከዝገት እንዲከላከልና መልኩ ደምቆ እንዲቆይ ነው። ነጭ ሊድ ለግድግዳና ለእንጨት፣ ቀይ ሊድ ለብረት መሠረት ቅብ፣ ሊድ ክሮሜት ደግሞ ለቢጫ፣ ለብርቱካንማ፣ ለቀይና ለአረንጓዴ ቀለሞች ሲውል ኖሯል።

ቀለሙ ሳይሰነጠቅና ሳይላጥ ግድግዳው ላይ እስካለ ድረስ ጉዳቱ እምብዛም ነው። አደጋው የሚመጣው ቀለሙ ሲሰነጣጠቅ፣ ሲቀረፍ፣ በርና መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ እርስ በርሱ ሲፋተግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በደረቁ ሲፋቅ ነው። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው ደቃቅ አቧራ ወለል ላይ ያርፋል። በወለሉ ላይ የሚድኸው ሕፃን እጁን ወደ አፉ ሲያስገባ አቧራውንም አብሮ ይውጠዋል። ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ መብላትና መጫወት በተለመደበት አካባቢ ደግሞ ወለል ማለት ገበታም መኝታም ነው።

በሕፃናት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት አያደርስም ተብሎ የተረጋገጠ የሊድ መጠን እንደሌለ በግልጽ አስታውቋል። ትንንሽ ሕፃናት ከዋጡት ሊድ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት መጠን ከአዋቂዎች በአራትና በአምስት እጥፍ ይበልጣል። ብረቱ በደም ተጓጉዞ ወደ አንጎል፣ ጉበትና ኩላሊት ይደርሳል፤ በአጥንትና በጥርስ ውስጥም ለዓመታት ይከማቻል። ሴት ልጅ በልጅነቷ ያከማቸችው ሊድ በእርግዝናዋ ወቅት ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ጽንሱ ሊያልፍ ይችላል።

የጉዳዩ አስቸጋሪነት ምልክቱ ጎልቶ አለመታየቱ ነው። በአነስተኛ መጠን የተመረዘ ሕፃን አያተኩሰውም፤ አያስለውም። የሚታየው ትምህርት የመቀበል አቅሙ መቀነስ፣ ትኩረት ማጣት፣ ቁጡነት፣ አንዳንዴም የደም ማነስ ነው። ወላጅ ወይም መምህር ይህን የልጁ ጠባይ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። በአንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት ግን በኋላ በሚሰጥ ሕክምና አይመለስም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሊድ ሲገኝ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ ፒዩር ኧርዝ ከተባለው ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት፣ በዓለም ላይ ከሦስት ሕፃናት አንዱ፣ ማለትም እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ ልጆች በዚህ ልክ ወይም ከዚያ በላይ ሊድ በደማቸው እንዳለ ገምቷል። አብዛኞቹም በማደግ ላይ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ከተማዋና ቀለሙ አብረው መጡ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው የፈረንሳይ ኩባንያ ሐዲድ ወደ ሐረር ተራሮች መውጣት ከብዶት በ1895 ዓ.ም. ከተራሮቹ ግርጌ ሲቆም ከተማዋ ተቆረቆረች። ቀጥ ባሉ መንገዶች የተከፋፈለው ከዚራ፣ በረንዳ ያላቸው ቤቶቹ፣ የእንጨት መስኮቶቹ፣ ጣቢያውና የጥገና ዴፖው የዚያ ዘመን አሻራዎች ናቸው። ብረቱ፣ መስታወቱና ቀለሙ ከባሕር ማዶ በመርከብ እየመጣ ከወደቡ በዚያው ባቡር ይጓጓዝ ነበር።

ዘመኑ ደግሞ በቀለም ታሪክ ውስጥ የክርክር ዘመን ነው። ፈረንሳይ ነጭ ሊድን ከሕንፃ ቅብ የሚያግድ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1909 ሲሆን ሕጉ ሥራ ላይ እንዲውል የተቀጠረው ለ1915 ነበር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1921 ያጸደቀው 13ኛ ስምምነት ነጭ ሊድ በሕንፃዎች የውስጥ ቅብ ላይ እንዳይውል ቢከለክልም፣ አስፈላጊ ሆነው ሲገኙ የባቡር ጣቢያዎችና የኢንዱስትሪ ተቋማት ነጻ የሚሆኑበትን በር ክፍት ትቷል። በባቡር ለተቆረቆረች ከተማ ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም። የሊድ መርዛማነት ታውቆ እንኳ ከክልከላው የመጨረሻ ሰዓት ድረስ ያመለጠው ባቡርና ብረት ነበር።

ይህ ማለት ግን የድሬዳዋ አሮጌ ግድግዳ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው ማለት አይደለም። በመጋላም ሆነ በሌሎች ነባር ሰፈሮች በኖራ የተለሰነ ግድግዳ አለ፤ ኖራ ካልሲየም እንጂ ሊድ አይደለም። ጥርጣሬው የሚያርፈው በዘይት ቀለም በተቀቡት ላይ ነው፤ በተለይ በእንጨት በርና መስኮት፣ በበረንዳ መደገፊያ፣ በብረት በርና ፍርግርግ፣ እንዲሁም እስከ ወገብ በዘይት ቀለም በተቀቡ የመማሪያና የሕክምና ክፍሎች ላይ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው፣ በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1940 በፊት ከተሠሩት ቤቶች 87 በመቶው፣ ከ1940 እስከ 1959 ከተሠሩት 69 በመቶው፣ ከ1960 እስከ 1977 ከተሠሩት ደግሞ 24 በመቶው የሊድ ቀለም አለባቸው። አሃዙ የአሜሪካ እንጂ የድሬዳዋ ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። ዕድሜ ጥርጣሬን ያሰፋል፤ ፍርድ የሚሰጠው ግን ምርመራ ብቻ ነው።

የብሪዝበን በረንዳዎች

ሙቀትና ፀሐይ በእንዲህ ያለ ቀለም ላይ ምን እንደሚያደርጉ ከመቶ ዓመት በፊት ያስተማረች ሌላ ከተማ አለች። የአውስትራሊያዋ ብሪዝበን በባሕር ዳርቻ አጠገብ የምትገኝ፣ ሙቀት የማያጣት፣ ቤቶቿ ከእንጨት የተሠሩና ሰፊ በረንዳ ያላቸው ከተማ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐኪሞቿ በሊድ የተመረዙ ሕፃናትን ማየት ጀመሩ፤ ምንጩ ግን ለዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። የዓይን ሐኪሙ ጆን ሎክሃርት ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው ጽሑፍ ጣቱን የቀሰረው ወደ በረንዳ መደገፊያዎችና ወደ ክፍሎች ግድግዳ ቀለም ነበር። ፀሐይ የበረንዳውን ቀለም ወደ ዱቄትነት ትለውጠዋለች፤ የልጅ እጅ ዱቄቱን ይዞ ወደ አፍ ይሄዳል። የኩዊንስላንድ ግዛት ልጆች በሚደርሱባቸው ቦታዎች የሊድ ቀለም እንዳይቀባ የሚያግድ ሕግ ለማውጣት እስከ 1922 ድረስ ጊዜ ወሰደበት።

በባሕር ዳርቻ ከተሞች ጨዋማው አየር ቀለምን ይበላል። ድሬዳዋ ባሕር የላትም። ነገር ግን በሞቃታማዎቹ ወራት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፈው ሙቀቷ፣ የቀትር ፀሐይዋና ነፋስ የሚያነሣው አሸዋ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ቤት እንዲነፍስ ቀኑን ሙሉ የሚከፈትና የሚዘጋው መስኮት ይፋተጋል። በረንዳውም የቤቱ ቀዝቃዛ ስፍራ በመሆኑ ልጆች የሚውሉበት እዚያው ነው። የጊብሰን ማስጠንቀቂያ ለብሪዝበን ብቻ የተጻፈ አይመስልም።

ሕጉ የቆመበት ቦታ

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ቀድማ ሕግ አውጥታለች። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረው ሊድ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ90 እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ መጠን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ለአገሮች ሁሉ ከሚመክረው ጋር እኩል ነው። ደንቡ የሚቆጣጠረው የቀለም ምርትን፣ ወደ አገር ማስገባትንና ሥርጭትን ነው። ነገ የሚቀባውን እንጂ ትናንት የተቀባውን አይነካም።

ትናንት የሚለው ቃልም በጥንቃቄ መታየት አለበት። አሜሪካ የሊድ ቀለምን ለመኖሪያ ቤት ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1978 በመሆኑ፣ በዚያ አገር «አሮጌ ቤት» የሚባለው ከዚያ በፊት የተሠራው ነው። በኢትዮጵያ ግን መስመሩ የሚሰመረው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገው በዘጠኝ አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ገበያ ተገዝተው ከተመረመሩት የዘይት ቀለሞች የሚበዙት ከ90 በላይ ሊድ ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ የከዚራው የመቶ ዓመት ቤት ብቻ ሳይሆን፣ ደንቡ ከመውጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት በደማቅ የዘይት ቀለም የተቀባ የሳቢያን ግቢ በር ወይም የመዋዕለ ሕፃናት መጫወቻም ከጥያቄው አይወጣም። አሮጌው ቤት በላዩ ብዙ የቀለም ድርብ ስላለበት ሥጋቱ ይከብዳል፤ አዲሱ ግን ነጻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ሊድን በዓይን፣ በሽታ ወይም በቀለሙ መልክ መለየት አይቻልም። በዓለም ላይ በሥራ ላይ ያሉት ዋና ዋና መንገዶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ግድግዳው ላይ ሲደገን ከቀለሙ የሚመለሰውን ጨረር አንብቦ በሥር ባሉት ድርቦች ውስጥ ጭምር ያለውን ሊድ በሰከንዶች ውስጥ ይናገራል፤ ግድግዳውንም አያቆስልም። ዋጋው በአስር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚገመት በመሆኑ ለግለሰብ የሚታሰብ አይደለም። ለአንድ ከተማ ግን አንዱ ብዙ ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው ናሙና ወስዶ በቤተ ሙከራ ማስመርመር ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ናሙናው ከላይኛው ቅብ ብቻ ሳይሆን እስከ እንጨቱ ወይም እስከ ብረቱ ድረስ ያሉትን ድርቦች ሁሉ እንዲይዝ ነው፤ ሊዱ ብዙ ጊዜ ያለው ከሥር ነውና። ሦስተኛው የወለልና የመስኮት ደፍን አቧራ በተለካ ስፋት ላይ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ መመርመር ነው። ይህ ቀለሙ ሊድ አለው ወይ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ሊዱ አሁን ወደ ልጆቹ እየደረሰ ነው ወይ የሚለውን ይመልሳል። አራተኛው በቤቱ ዙሪያ፣ በተለይ ከግድግዳው ሥር ያለውን አፈር መመርመር ነው። ሊድ በአፈር ውስጥ አይበሰብስም፤ ከላይኛው ሽፋን ላይ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ግድግዳ ሥር ጎመንና ሰላጣ ለሚተክል ቤተሰብ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ከቅጠሉ ይልቅ በቅጠሉ ላይ የሚያርፈው አፈር ይበልጥ ያሰጋልና አትክልቱን ከግድግዳው አርቆ መትከልና በሚገባ ማጠብ ይመከራል።

ውጤቱን ማንበብም ዕውቀት ይጠይቃል። 90 የሚለው ቁጥር የአዲስ ቀለም መመዘኛ ነው። ቀድሞ ለተቀባ ቀለም ለምሳሌ አሜሪካ የምትጠቀመው መለኪያ በክብደት ግማሽ በመቶ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 5,000 ነው። ሁለቱ ከተምታቱ ወይ ያለ ምክንያት ድንጋጤ፣ ወይ ያለ ምክንያት መዘናጋት ይከተላል።

ከቤት ምርመራ ጎን ለጎን የሚሄደው የሕፃናት የደም ምርመራ ነው። ሊድ ከቀለም ብቻ አይመጣም። የመኪና ባትሪ የሚፈታባቸው ቦታዎች፣ ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጠው የሚሠሩ ድስቶች፣ አንዳንድ ቅመሞችና ኩል በተለያዩ አገሮች የሊድ ምንጭ ሆነው ተገኝተዋል። ደም ልጁ መጎዳቱን ይናገራል፤ የቤት ምርመራ ደግሞ ምንጩ ቤቱ መሆን አለመሆኑን ይለያል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

በሌሎች አገሮች ይህ ጥያቄ በአከራይና በተከራይ መካከል ዓመታት የፈጀ ሙግት አስነሥቷል። በድሬዳዋ መልሱ ከዚያ ይቀላል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ ከነባር ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ሆነዋል። የባቡር ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ያሠራቸው መኖሪያዎችም የሕዝብ ሀብት ናቸው። በዕድሜያቸው ምክንያት ይበልጥ የሚያጠራጥሩት ቤቶች ባለቤት በአብዛኛው መንግሥት ነው ማለት ነው። ኪራያቸው አነስተኛ በመሆኑ እድሳቱ በተግባር የሚወድቀው በተከራዩ ላይ ነው፤ ተከራዩም አቅሙ የሚፈቅድለትን ርካሽ ቀቢ ጠርቶ በደረቁ ያስፍቃል። አደጋው የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው።

ባለቤቱ መንግሥት መሆኑ ግን ዕድልም ነው። እያንዳንዱን አከራይ ማሳመን ሳያስፈልግ በአንድ ውሳኔ ሥራው ሊጀመር ይችላል። ቅደም ተከተሉም ግልጽ ነው። በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ያሉ መዋዕለ ሕፃናትና ጤና ተቋማት ይቀድማሉ፤ ቀጥሎ ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ያሉባቸው የመንግሥት ኪራይ ቤቶች፤ ከዚያም በኮሪደር ልማቱ ለመፍረስ ወይም ለመታደስ የተለዩት። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ድል ጮራን የመሰለ ሪፈራል ሆስፒታል የያዘች ከተማ በመሆኗ የሰው ኃይሉን ከውጭ መፈለግ አይጠበቅባትም። መሣሪያውም ቢሆን አንድ ሥራ ብቻ አይሠራም። ደረቅ ወደብና በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጣና ባሉባት ከተማ፣ የአሮጌ ቤት ቀለም የሚለካው መሣሪያ ከውጭ የሚገባውን አዲስ ቀለም በደንቡ መሠረት ለመፈተሽም ያገለግላል።

ሁለት ሥጋቶች በቅንነት መታየት አለባቸው። አንደኛው የተከራዮች ነው፤ ሊድ ተገኘ ሲባል ቤቱ ሊፈርስና እነርሱም ሊነሡ ይችላሉ የሚል። ሁለተኛው የቅርስ ተቆርቋሪዎች ነው፤ ምርመራው ከዚራን ለማፍረስ ሰበብ እንዳይሆን። የሳይንሱ መልስ ለሁለቱም አጽናኝ ነው። ያልተላጠ ቀለም በላዩ ጥሩ ቀለም ተቀብቶ ሊታሸግ ይችላል፤ የሚፋተጉ በሮችና መስኮቶች ብቻቸውን ሊታከሙ ይችላሉ። እንዲያውም ብዙ አቧራ የሚያስነሣው ማፍረስ ነው። በወጉ የተያዘ ምርመራ ለአሮጌ ቤት ጠበቃው እንጂ ከሳሹ አይደለም። ይህ እንዲሆን ግን ውጤቱ ለተከራዩ በጽሑፍ መሰጠትና ቤት ለማስለቀቅ ምክንያት እንደማይሆን አስቀድሞ መነገር ይኖርበታል።

እስከዚያው ድረስ

ምርመራው እስኪደርስ ድረስ አሮጌ የዘይት ቀለምን ሊድ እንዳለበት ቆጥሮ መሥራት አዋጭ ነው። መፋቅ የግድ ከሆነ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ከቤት ይወጣሉ፤ ወለሉ ላይ ላስቲክ ይነጠፋል፤ ቀለሙ በውሃ እየረጠበ ይፋቃል እንጂ በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት አይፈተግም፤ በእሳትም አይለበለብም። ቅርፊቱ በላስቲኩ ተጠቅልሎ ይወገዳል። ወለሉ በመጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ይወለወላል፤ ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ከወለል አንሥቶ ለሳንባ ያቀብላልና። ቀለም ቀቢው የሥራ ልብሱን ቤቱ ይዞ መግባት የለበትም። ብዙ ቀቢዎች ከሥራ በኋላ ወተት መጠጣትን እንደ መድኃኒት ያዩታል። ካልሲየምና አይረን ያለበት ምግብ ሰውነት ሊድን የሚቀበልበትን መጠን መቀነሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወተት የገባውን ሊድ አያጥብም፤ ጭንብልንም አይተካም።

ከፈረሱ ቤቶች የሚወጣው ዕቃ ሌላው ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። አሮጌ በር፣ መስኮትና ቆርቆሮ በቆራሌውና በአሮጌ ዕቃ ነጋዴው እጅ አልፎ ወደ ከተማዋ ዳርቻና ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሊሄድ ይችላል። ለግንባታ የማይሆነው ቁራጭ እንጨት ደግሞ ማገዶ ይሆናል። ቀለም የተቀባ እንጨት ምጣድ ሥር ሲነድ ሊዱ በጭሱና በአመዱ ይወጣል፤ አመዱም ጓሮ ይበተናል። በዚህ መንገድ የከተማው ቀለም የከተማ ኑሮ በማያውቀው የገጠር ልጅ ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የማፍረስ ውል ሲፈረም ቀለም የተቀባው እንጨት የት እንደሚደርስ አብሮ መጻፍ ይገባዋል።

የሊድ ቤንዚን ከሰሐራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች የተወገደው እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ነው። ያ ሥራ የተሳካው አሽከርካሪዎች አንድ በአንድ ስለተመከሩ ሳይሆን መንግሥታት ከምንጩ ስለዘጉት ነው። አዲሱን ቀለም በተመለከተ ደንቡ ምንጩን ዘግቷል። ግድግዳ ላይ የቀረው አሮጌው ቀለም ግን በደንብ ብቻ አይዘጋም፤ ቤት ለቤት መገኘት አለበት። የከተማዋ የእድሳት መርሐ ግብር አሁን ከሚከተለው ቅደም ተከተል ላይ አንድ እርምጃ ቢጨመርበት፣ ማለትም ፋቂው ከመግባቱ በፊት መርማሪው ቢገባ፣ ድሬዳዋ ቤቶቿንም ልጆቿንም አብራ ልታድን ትችላለች።